እየነዳሁ መጽሐፍ ስመርጥ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ አሥር ሰዓት ገደማ። ፔንታጎን አጠገብ አንድ ተሳፋሪ አውርጄ በኮሎምቢያ ፓይክ ወደ ቤይሊስ ክሮስሮድስ እየተመለስኩ ነው። መኪናው ባዶ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አስፋልቱ ደረቅ። በዝናብም በጭጋግም ላሳብብ አልችልም። ከጠዋት ጀምሮ ስሰማው የዋልኩት የትረካ መጽሐፍ አለቀ፤ ተራኪው የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር አሳርፎ ዝም አለ። ስልኩ በራሱ ጊዜ ወደሚቀጥለው ተሻገረና ርዕሱንና የጸሐፊውን ስም አሰማኝ። ሴት ናት። እጄን ዘርግቼ አሳለፍኳት። ቀጥሎ የመጣውን ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ፤ እሱንም አሳለፍኩ። ዝርዝሩን ወደ ታች ገፋሁት፣ የማውቀውን የአንድ ወንድ ጸሐፊ ስም አየሁ፣ ነካሁት። ቀና ስል ከፊቴ የነበረችው ግራጫ መኪና ቆማለች።

ፍሬኑን ወለል እስኪነካ ረገጥኩት። አልደረሰም። ድምፁ ከጠበቅኩት በላይ አጭር ነው፤ ባዶ ጣሳ በጫማ እንደ መርገጥ ያለ። ቀበቶው ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ፤ ቡናዬ ክሩስኮቱ ላይ ተደፋ። ስልኩ ከመያዣው ተፈናጥሮ ከጎኔ ካለው ወንበር ሥር ገባና እዚያው ሆኖ ትረካውን ጀመረ። በሩን ለመክፈት እየታገልኩ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ ከወንበሩ ሥር አንድ የተረጋጋ የወንድ ድምፅ ስለ ጦር ሜዳ ንጋት ይተርክልኛል። ስልኩን ጎትቼ እስካወጣው ድረስ ፈረሶቹ ተጭነው፣ ነጋሪት ተጎስሞ፣ ሠራዊቱ ወንዝ ተሻግሮ ነበር።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ቀኑን ሙሉ መሪ ይዘው፣ በጆሯቸው ደግሞ መጽሐፍ እየሰሙ ለሚውሉ ሰዎች ነው። በዋሽንግተን፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ አካባቢ ብዙ ነን። አዲስ አበባም ውስጥ ከቤት እስከ ሥራ በሚዘጋጋው መንገድ ትረካ ከፍተው የሚነዱ እንዳሉ ወንድሜ ነግሮኛል።

መጀመሪያ የማፍርበትን ልናገር። ከመኪናው ከመውረዴ በፊት፣ ገና ቀበቶዬን ሳልፈታ፣ ያሰብኩት ነገር ሁለት ቃል ነበር፦ «ሴት ሹፌር!» ፊቷን አላየሁም። በኋላ መስታወቷ የሚታየኝ የታሰረ ጸጉር ብቻ ነው። ያለ ምክንያት ድንገት ፍሬን የያዘች መስሎኝ ውስጤ በቁጣ ነደደ። ወርጄ ስጠጋ ነው ቀይ መብራት ላይ የቆመች መሆኗን ያየሁት፤ ከፊቷም ሌላ መኪና ቆሟል። ቀይ መብራት! ስልሳ የሚጠጋ ዕድሜ ያላት፣ የሆስፒታል ሰማያዊ ልብስ የለበሰች የኤል ሳልቫዶር ሰው ናት። አንገቷን በእጇ ደግፋ ወረደችና ከሁሉ በፊት የጠየቀችኝ «ደህና ነህ ወይ?» ብላ ነው። ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ በየትኛውም ቋንቋ አጣሁ።

በአሜሪካ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ከ10 ሰዎች ሰባት ያህሉ ወንዶች ናቸው። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። «ሴት ሹፌር» የሚለው ቀልድ ግን ከአዲስ አበባ ይዤው መጥቼ፣ አሥራ ሦስት ዓመት አብሮኝ ሲነዳ ኖሯል።

ፖሊሱ ወጣት ነው፤ ትሑት። «ስልክ ይዘህ ነበር?» አለኝ። «አልያዝኩም፤ መያዣው ላይ ነበር» አልኩት። ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2021 ጀምሮ በቨርጂኒያ እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ ክልክል ነው፤ ቅጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ 125 ዶላር፣ ለሁለተኛ ጊዜ 250 ዶላር ነው። ሜሪላንድ ከ2010 ጀምሮ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። ሁላችንም ይህን ስለምናውቅ ነው የስልክ መያዣ ገዝተን መስታወቱ ላይ የምንለጥፈው። ከለጠፍነው በኋላ ሕጉን የፈጸምን ይመስለናል። እኔም መስሎኝ ነበር። ፖሊሱ ርቀትህን አልጠበቅህም ብሎ ቀጣኝ እንጂ ስለ ስልኩ ምንም አላለም። ሕጉ እጄን ይጠይቃል፤ ዓይኔና ሐሳቤ የት እንደነበሩ የሚያውቀው ግን ራሴ ብቻ ነኝ።

ማታ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት። ስነዳ የነበረው በሰዓት 25 ማይል ነው፤ 40 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት መኪና በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይሄዳል። የሴቷን መጽሐፍ ማሳለፍ፣ ሁለተኛውን ማሳለፍ፣ ወደ ታች መግፋት፣ ማንበብ፣ መንካት፤ ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው፣ ካልበዛ። 33 ሜትር ዓይኔን ጨፍኜ ነድቻለሁ። ከቤታችን ደጃፍ ተነስቼ ቆጥሬ ስራመድ የጎረቤቶቼን መኪኖች ሁሉ አልፌ ቆሻሻ መጣያው ጋ ደረስኩ። ያን ሁሉ መንገድ ዓይንህን ጨፍነህ ነዳህ ቢሉኝ ኖሮ አላምንም ነበር።

ከዚያ ቀን በፊት ስለ ራሴ የነበረኝ አመለካከት ሌላ ነበር። ትረካ የተሻለ ሹፌር አድርጎኛል ብዬ አምን ነበር፤ ዛሬም በከፊል አምናለሁ። ትረካ የሚሰማ ሰው አይቸኩልም፣ ከፊቱ በገባበት ሰው አይበሽቅም፣ በ66 ቁጥር መንገድ መጨናነቅ አይበግንም። ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርክ ቤተሰባችን እንዴት ዝም ብሎ እንደሚሰማ እናቴ ትነግረኝ ነበር፤ ያ ዝምታ መኪና ውስጥ ሲመጣ ደስ ይላል። የሚፈስ ታሪክ መስማት ችግር የለውም፤ ችግሩ መምረጡ ነው። መስማት ጆሮ ይበቃዋል፤ መምረጥ ግን ዓይንም እጅም ይፈልጋል፣ «ይህን ልስማ ወይስ ያን» የሚል ውሳኔም አለበት። የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳሳዩት፣ ሹፌር ለመኪናው ወይም ለስልኩ በድምፅ ትእዛዝ ከሰጠ በኋላ እንኳ ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ ወደ መንገዱ እስኪመለስ እስከ 27 ሰከንድ ሊወስድበት ይችላል። እጁ መሪ ላይ፣ ዓይኑ መንገድ ላይ ሆኖ ማለት ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ «ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ነው የምነካው» የሚለው ማመካኛዬም ፈረሰ፤ መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ሐሳቤ ገና ከመጽሐፉ መደርደሪያ አልተመለሰምና።

እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ የሹፌር ሐሳብ በመከፋፈሉ በደረሱ አደጋዎች 3,308 ሰዎች ሞተዋል፤ ቁጥሩ የአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ነው። ሹፌሮቹ ምን ሲያደርጉ እንደነበር በአብዛኛው የሚታወቀው እነሱ ከተናገሩ ነው። እኔ ለፖሊሱ አልተናገርኩም፤ ስለዚህ የእኔ ግጭት በየትኛው ዓምድ እንደሚመዘገብ መገመት አያቅተኝም።

ሴትዮዋ አንገቷን ለስድስት ሳምንት ታክማለች። በኢንሹራንሱ በኩል ነው የሰማሁት፤ በቀጥታ መደወል አትችልም ተባልኩ። ከኪሴ 500 ዶላር ከፈልኩ፣ ወርኃዊው ክፍያ ጨመረ፣ አሥራ አንድ ቀን ያለ ሥራ ቤት ተቀመጥኩ። ስለ ገንዘቡ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አሥራ አንዱ ቀን ግን ሌላ ነገር አመጣ። ለባለቤቴ የሆነውን ስነግራት እንደ ሁልጊዜው ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገርኳት፤ የትኛውን ሳሳልፍ፣ የትኛውን ስመርጥ። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋዋን አስቀመጠችና፣ «ቆይ፤ መጀመሪያ የመጣልህን ለምን አሳለፍከው?» አለችኝ።

«ሌላ ስለፈለግሁ ነዋ።»

«ሳትሰማው?»

«ስለ ምን እንደሆነ ዐውቀዋለሁ።»

«ስለ ምን ነው?»

ዝም አልኩ። አላውቅም። መጽሐፉ ሕይወት ተፈራ ስለ ወጣትነቷና ስለ አብዮቱ ዘመን የጻፈችው ትዝታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በእንግሊዝኛ ታትሞ በኋላ ወደ አማርኛ የተመለሰ ነው። ቅጂውን የላከልኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ «ስለዚያ ዘመን መስማት ትወዳለህ» ብሎ ነው። እውነቱን ነው፤ እወዳለሁ። ስለ አብዮቱና ስለ ቀይ ሽብር ወንዶች የጻፏቸውን ትዝታዎች ያገኘሁትን ሁሉ ሰምቻለሁ። ሻለቃውን፣ ካድሬውን፣ የፓርቲውን መሪ፣ እስረኛውን፣ አሳሪውን። አንዳንዱን ሁለት ጊዜ። የእሷ ቅጂ ግን ለአምስት ወር ስልኬ ውስጥ ተቀምጧል፤ ተራዋ በደረሰ ቁጥር አውራ ጣቴ ያሳልፋታል። ለምን ብሎ የሚጠይቀኝ አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። የሴት ትዝታ ስለ ፍቅር ይሆናል የሚል ነገር ውስጤ ተቀምጦ ነበር መሰለኝ፤ ማን እንዳስቀመጠው አላውቅም።

ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዋን እየሠራች ስትሰማ ቆይታ፣ «አባዬ፣ ስልክህን ስጠኝ» አለች። ደብተሯ መጨረሻ ገጽ ላይ መሐል ለመሐል መስመር አሰመረች። በግራ «ወ»፣ በቀኝ «ሴ» ብላ ጻፈች፤ ፊደሎቿ ገና ጠማማ ናቸው፣ የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤት ፍሬ። ከዚያ ባለፉት ሁለት ዓመታት የሰማኋቸውን አንድ በአንድ እየጠራች ጭረት መጫር ጀመረች። በግራ በኩል አራት ቆማ አምስተኛዋ አግድም የምታስራቸው ጭረቶች ተደረደሩ፤ አንድ እስር፣ ሁለት እስር፣ ስምንት እስር። በቀኝ ሦስት ጭረት። በአጠቃላይ 46፤ 43 ወንድ፣ 3 ሴት። ከሦስቱም ጨርሼ የሰማሁት አንዱን ነው፤ እሱንም ተራኪው ዝነኛ ተዋናይ ስለሆነ። ልጄ ምንም አላለችም። ገጹን ቀድዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝና ወደ ሒሳቧ ተመለሰች።

«እኔ ጸሐፊውን አይቼ አልመርጥም» ማለት ጀምሬ ነበር፤ አፌ ውስጥ ቀረ። አይቼ ባልመርጥማ ኖሮ እንዲህ አይወጣም። በእርግጥ በአማርኛ ካሳተሙት ወንዶቹ ይበዛሉ፤ ወደ ድምፅ የተቀየሩት ደግሞ ከዚያም ያደላሉ። ይህ ከ46ቱ ምናልባት አሥሩን ያስረዳል እንጂ 43ቱን አያስረዳም። ሌላው ምክንያት መጠበቂያው ነው። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራችንን ስንጠብቅ መኪናችንን ተደግፈን ስለ መጻሕፍት እናወራለን። በዚያ ሜዳ ላይ የሚለዋወጠው የመጽሐፍ ስም ከባንክ ምንዛሬ ይልቅ ይከበራል፤ «ይህን ሳትሰማ?» ከተባልክ ማታውኑ ታወርዳለህ። የምንለዋወጠው ወንዶች ነን፤ የምንለዋወጠውም የወንዶችን ነው። አንድም ቀን ሴት ጸሐፊ አይሰማም ያለ የለም። ስሟ የሚነሳበት አጋጣሚ ብቻ ነው የሌለው።

ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። እንግሊዛዊቷ ጋዜጠኛ ሜሪ አን ሲግሃርት እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተመችው ጥናት መጻሕፍታቸው በብዛት የሚሸጡ አሥር ሴትና አሥር ወንድ ጸሐፊዎችን የሚያነበው ማን እንደሆነ በአንድ የመረጃ ድርጅት አስቆጥራ ነበር። የሴቶቹን ከሚያነቡት ውስጥ ወንዶች 19 በመቶ ብቻ ናቸው። የወንዶቹን ከሚያነቡት ውስጥ ግን 55 በመቶ ወንዶች፣ 45 በመቶ ሴቶች። ሴቶች ሁለቱንም ያነባሉ፤ እኛ በአብዛኛው የራሳችንን። አሳታሚዎችም ያውቁናል፤ የሃሪ ፖተር ደራሲ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ በመጀመሪያ መጽሐፏ ላይ ሙሉ ስሟ ቀርቶ በምሕፃር የታተመው ወንዶች ልጆች የሴት መጽሐፍ አያነሱም ተብሎ ተፈርቶ ነው። የፈሩት እንደ እኔ ያለውን አውራ ጣት ነበር።

ባለቤቴ፣ «ስንዱ ገብሩን ታውቃታለህ?» አለችኝ በሌላ ቀን። ስሟን ዐውቃለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ለፓርላማ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት፣ በጣሊያን ጊዜ አዚናራ ደሴት የታሰረች፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት። ይህን ሁሉ ዘረዘርኩላት። «ጸሐፊም ናት» አለች። እሱን አላውቅም ነበር። ታሪኳን ከእነ ዓመተ ምሕረቱ ዐውቄ የጻፈችውን ግን አንድ መስመር አላነበብኩም። የመዓዛ መንግሥቴ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2020 ለቡከር የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ከታጩት መጨረሻዎቹ መካከል ሲገባ ደግሞ መጠበቂያው ሜዳ ላይ ቆመን «ኮራን» ተባብለናል። ከኮራነው ውስጥ ያነበበው አንድ ሰው እንኳ ነበር ብዬ አላስብም።

ወደ ሥራ ስመለስ ያደረግኩት ነገር ቀላል ነው፤ ጥቅም ካለው የምጽፈው ለዚህ ነው።

ምርጫን በሙሉ ከመኪናው አስወጣሁ። እሑድ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሆኜ የሳምንቱን እደረድራለሁ። ሦስት መጽሐፍ ይበቃል፤ በሳምንት ከዚያ በላይ ጨርሼ አላውቅም። ሥራው ስልክ ስለሚፈልግ (ካርታውም ጥሪውም እዚያ ነው) ለትረካ አሮጌውን፣ ሲም ካርድ የሌለውን ስልኬን መደብኩ። ከመኪናው ድምፅ ማጉያ ጋር በብሉቱዝ ይገናኛል። ጠዋት ከፍቼው ከተሳፋሪው ወንበር ፊት ለፊት ባለው ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ እዘጋለሁ። እጄ አይደርስበትም። መጀመሪያ ሰሞን እጄ ሳላዝዘው እየተዘረጋ አየሩን ይነካ ነበር፤ ሲጋራ ያቆመ ሰው ኪሱን እንደሚዳስሰው። ሦስት ሳምንት ያህል ቆየና ተወኝ።

ታሪኩ ካመለጠኝ ወደ ኋላ አልመልስም። ይህ ከሁሉ ያስቸገረኝ ነው፤ ምክንያቱም የሚያመልጠው ሁልጊዜ ጥሩው ላይ ነው። አሁን ግን ሲያመልጠኝ ደስ ይለኛል፤ መንገዱን እያየሁ ነበር ማለት ነው። ወደ 495 ቁጥር መንገድ ስገባ፣ ዝናብ ሲበረታ፣ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ፣ ድምፁን ከመሪው ላይ ባለው ቁልፍ አጠፋለሁ። ተሳፋሪ ሲገባም እንደዚሁ። ከአደጋው በፊት አንዲት ተሳፋሪ «ሹፌሩ ስልኩን ይነካካል» ብላ አስተያየት ጽፋብኝ ነበር። ነጭናጫ ናት ብዬ ለባልደረቦቼ አንብቤ አስቄያቸዋለሁ። በደንብ ያየችኝ እሷ ነበረች።

የሥራ ጥሪ ሲመጣ ለመቀበል የሚሰጡን ሰከንዶች ጥቂት ናቸው። እየነዳሁ የመጣውን አሳልፋለሁ። ያስከፍላል፤ አልዋሽም። በሳምንት ጥቂት ጥሪ ይቀርብኛል። የኢንሹራንሱ ጭማሪ ግን ከዚያ ይበልጣል።

ዝርዝሩን በተመለከተ ለስድስት ወር አንድ የወንድ፣ አንድ የሴት እያልኩ እንድሰማ ለራሴ ደንብ አወጣሁ። መጠበቂያው ሜዳ ላይ ስናገረው ሳቅ ሆነ። ዕድሜያቸው ከሁላችንም የሚገፋው ጋሼ፣ «መጽሐፍም በኮታ ሆነ? እኔ ጥሩ መጽሐፍ ነው የምፈልገው፤ የጻፈው ማንም ይሁን» አሉኝ። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። «ጋሼ፣ እርስዎ መጨረሻ የሰሙት የሴት መጽሐፍ የትኛው ነው?» አልኳቸው። አሰቡ። የመኪናቸውን ስፖኪዮ በመሀረባቸው ጠረጉ። «ቆይ ላስታውስ» ብለው ተራቸው ደርሶ ሄዱ። አንገት ላይ ፋሻ አስሮ እንደ መኖር ነው ደንቡ፤ አጥንቱ እስኪያያዝ ነው እንጂ ለዘለዓለም የሚታሰር አይደለም። ስለ ሴትዮዋ አንገት እያሰብኩ ነው ምሳሌው የመጣልኝ፤ ደስ አይልም፣ ግን እሱው ነው።

የሕይወት ተፈራን ከሁሉ አስቀድሜ ሰማሁ። ፍቅር አለበት፤ ግምቴ እዚያ ላይ አልተሳሳተም። ነገር ግን ፍቅሩ ከፓርቲው፣ ከሕቡዕ ሥራው፣ ከፍርሃቱ ተለይቶ የተቀመጠ አይደለም። ወንዶቹ በጻፉት ውስጥ ማዕከላዊ ኮሚቴና አንጃ፣ መግለጫና ስብሰባ ሆኖ ያለፈውን ጊዜ እሷ በአንዲት ልጅ እግር ተማሪ ዓይን ነው የምታሳየው፤ መልእክት ተሸክማ መንገድ የምታቋርጥ ልጅ። አራት ሻለቃዎች የነገሩኝን ዘመን እንደ አዲስ ሰማሁት። አንድ ቀን ሄርንደን ላይ ተሳፋሪ አውርጄ፣ ምዕራፉ እስኪያልቅ መንገድ ዳር አቁሜ ቆየሁ። አቁሜ!

ሁሉም እንዲህ አልሆነም። ሦስተኛው ላይ የደረሰኝ የሌላ ሴት ጸሐፊ መጽሐፍ አሰልቺ ነበር፤ አሥር ደቂቃ ሰምቼ ማታ ከዝርዝሩ ላወጣው ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባለፈው ዓመት የአንድ የታወቀ ወንድ ጸሐፊ መጽሐፍ እንደዚሁ አሰልችቶኝ ነበር። ምን አደረግኩ? «ወደ ኋላ ላይ ይጥም ይሆናል» ብዬ ስድስት ሰዓት ታገሥኩት። አልጣመም። ከዚያም «ጥልቅ ነው፤ ያልገባኝ እኔ ነኝ» አልኩ። ለእሱ ስድስት ሰዓት ከነይቅርታው፣ ለእሷ አሥር ደቂቃ። ከጭረቶቹም፣ ከመቶኛዎቹም ይልቅ እኔን የያዘኝ ይህ ነው። አለመምረጡ አንድ ነገር ነው፤ ከመረጡም በኋላ ትዕግሥቱ እኩል አይደለም። ያንን መጽሐፍ ሌላ ሁለት ሰዓት ሰጠሁት። አሁንም አሰልቺ ነው፤ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ለማንኛውም መጽሐፍ ሁለት ሰዓት እሰጣለሁ፤ የወንድም ከሆነ ከሁለት ሰዓት በላይ አልለማመጥም። ከወንዶቹ ውስጥ አምስት መጽሐፍ በዚህ ደንብ ወድቆብኛል፤ ድሮ ቢሆን ሁሉንም ጨርሼ አመሰግናቸው ነበር።

ልጄ ከዚያ በኋላ የእሑድ ማታው ጠረጴዛ ላይ አልፎ አልፎ ትመጣለች። አማርኛዋ ትረካ ለመስማት ገና አይበቃም፤ እኔ የሰማሁትን ግን ታሪኩን ትጠይቀኛለች፤ እነግራታለሁ። ጭረቶች ያሉበትን ወረቀት ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች። አውርጂው አላልኳትም።

ባለፈው ሐሙስ ሌስበርግ ተሳፋሪ አድርሼ በሰባት ቁጥር መንገድ ስመለስ መጽሐፉ አለቀ። ለዚያ ቀን ሌላ አላሰለፍኩም ነበር፤ ዝርዝሩን ሳወጣ ርዝመቱን አሳስቼ ገምቼ ኖሯል። ጸጥ አለ። ሳጥኑ ተዘግቷል፤ ስልኩ ውስጡ ነው። ቤት ለመድረስ አርባ ደቂቃ ይቀረኛል። ወደ ቀኝ ለመታጠፍ ፍሬቻ አበራሁ፤ ድምፁን ከስንት ጊዜ በኋላ ሰማሁት፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። መብራቱ ቀይ ነው። ከፊቴ የቆመችው መኪና የኋላ መስታወት ላይ አንድ ሕፃን ልጅ አፍንጫውን አጣብቆ ያየኛል። እጄን አወዛወዝኩለት።